ዱቤ

አቃቂ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣ ሣር ከዋጠው መስመር፣
የሲኞር ባርቶሊ ሱቅ፣ ጨውና ጨርቅ ይሸጥበት የነበር፣
ዛሬ «ሙዚየም» ይላል በሩ፤
ትኬት ቆራጯ ወይዘሮ ዘርትሁን ናቸው፤ አሥር ነው ብሩ።

«አትንኩ» ይላል ሚዛኑ አንገት ላይ የታሰረው ካርቶን።
ማን ይነካዋል? ባዶውንም ያዘነብላል ወደ ጎን፣
ወደ ሻጩ። ሰውዬው ከሄደ ስንት ዘመኑ፣
አውራ ጣቱ ግን አልተነሣም ከሳህኑ።

ከዚያ መዝገቡ፦ በመስታወት ሥር እንደተገለጠ፣
ጥጉን ብል የበላው፣ ቀለሙ ያልተለወጠ።
«ሂርጳ ዋቅቶላ። አቡጀዲ፣ ሁለት ክንድ። በዱቤ።»
አያቴ!
ቀጥ አለ ልቤ።

«ዕዳን እንደ እሳት ይፈራ ነበር» ሲሉ ነው የሰማሁት፤
ታዲያ ምን ጉድ ነው እዚህ ደጅ ያቆመው በዚያ ዓመት?
ሁለት ክንድ ለነጠላ አይሆን፣ ለቀሚስም ያንሳል፤
ለአራስ ልጅ መገነዣ ግን ይበቃል፤ ይተርፋል።

ስም ሳይወጣላት የሄደች፣ የአባቴ ታላቅ፣
ቤታችን በሹክሹክታ እንጂ በወግ የማትታወቅ።

ስወጣ፣ «አንድ ትኬት ይጨምሩልኝ» አልኩ፣ «ለልጅ።»
ወይዘሮ ዘርትሁን ብሩን ገፋ አደረጉት በግራ እጅ፤
«ልጅ አይከፍልም» አሉኝ።