ስልሳ ሁለት ኪሎፓስካል

ኤል አልቶ ላይ አየር በቁና አይሰፈርም፤
በጭልፋ ነው የሚታደል፣ ጭልፋውም ጢም አይልም።
አባቴ ኤፍራይን ቲኮና ጋራዡን ሲከፍት
በሁለት ቃል መሃል ያርፋል፣ እንደወጣ ዳገት።

ሐሙስ ገበያ ወጥቼ፣ ከሳቱርኒኖ ሸራ
ሁለት ዕቃ ገዛሁ፣ ከዋጋ ክርክር ጋራ።
አንዱ ቱቦ ነው፤ ሆዱ ውስጥ የጋለ ሽቦ ወጥሮ
ነፋስ ሲያልፍ ስንት እንደበረደ ቆጥሮ
የገባውን አየር በግራም ይናገራል።
ሌላው ጥቁር ሳጥን ነው፣ አውራ ጣት ያክላል፤
በቀጭን ጎማ የሞተሩን ጉሮሮ ያዳምጣል፤
አየሩን አያይም፤ ግፊቱን ብቻ ሰምቶ
ቀሪውን ለእኔ ይተወዋል፣ ለሠንጠረዤ ሰጥቶ።

«ሽቦው ይሻላል» አለ አባቴ። «የቆጠረ… አይዋሽም።
ግፊት ወሬ ነው። በወሬ… ቤንዚን አይረጭም።»

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኦሩሮ ላይ ቆርቆሮ ቆፍሯል፤
ጉድጓዱ ቢዘጋም አቧራው ደረቱ ውስጥ ቀርቷል።
ሐኪሟ በየመንፈቁ ቱቦ አጉርሳ «ንፋ» ትለዋለች፣
ወረቀት ላይ ጉብታ ታወጣለች።
ጉብታው ከዓመት ዓመት ሜዳ እየሆነ ነው፤
አባቴ የሚያምነው እንግዲህ የሚቆጠር ትንፋሽ ነው።

«አባዬ፣ ሰፈራችን አቧራ፣ ፊልትሯችን በዘይት የራሰ፤
ሽቦው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው እድፍ ለበሰ።
እድፍ የለበሰ ሽቦ ነፋስ ቢመታው አይበርደውም፤
ያልበረደው ደግሞ አይቆጥርም።»
እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ መስኮቱን አየ።
ከዚያ ወዲህ ስለ ሽቦ አላወራም።

ሳቱርኒኖ ግን መጣ፣ ሦስት ባር የሚለካ ይዞ፣
በሬ እንደሚሸጥ ሰው ጎኑን እየዳበሰ።
ትልቅ መስፈሪያ ለማን? ቱርቦ የለን፣ ባሕር የለን።
አንድ ባር እንኳ ባሕር ዳር ለሚያድር ሰው የተቆረጠ ልክ ነው፤
ሲሶው እኛ ጋ ሥራ ፈት ነው።
ስልሳ ሁለት። ሰማያችን ይህ ነው፣ እንዲሁ በሚዛን ሲወጣ።
ትንሹን ወሰድኩ። ሽቦዎቹን በየድኩ፣ እጄ ሁለቴ ተቃጠለ።

እሁድ ንጋት በቀዩ ዳትሰን ወደ ኮሮይኮ ወረድን፤
እሱ እየነዳ፣ እኔ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ።
መተላለፊያው አናት ላይ፣ በረዶ መሃል፣ ሃምሳ ሰባት አነበብን።
ከዚያ ጭጋግ፤ ከዚያ ሐረግ፤ ከዚያ የብርቱካን ሽታ፤
አባቴ ማውራት ጀመረ፣ ያለ ነጠላ ሰረዝ፣ ያለ ፋታ፣
ስለ እናቴ፣ ስለ አንድ ነካሽ በቅሎ፣ ስላልተከፈለው ዕዳ፤
ወሬው ከመንገዱ ጋር ይጠማዘዛል።

ሞተሩ ግን ታነቀ።
ማርሚታው ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ሚኒሞው ተንቀጠቀጠ፣
ካንዴላው በቤንዚን ራሰ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። የሠራሁት ሳጥን የውጭውን ሰማይ
አንዴ ብቻ ነው፣ ቁልፍ ሲዞር የሚያይ፤
የጠዋቱን ስልሳ ሁለት እንዳነገበ ወርዶ፣
ጭሱ የሚወጣበት ደጅ ከብዶ፣
ሲሊንደሩ ውስጥ ቦታ እንደጠበበ ሳያውቅ
በተራራው ሒሳብ ነዳጅ ያዛል።

አባቴ ዳር ያዘ። ቁልፉን አጠፋ፤ አስነሳ።
ሰማንያ አራት። ሞተሩ ጸዳ፣ ጭሱ ሳሳ።
«ሁለተኛ ጆሮ ያስፈልገዋል» አለኝ፣ ባንድ ትንፋሽ፣ ሳያቋርጥ፤
«አንዱ የውስጡን፣ አንዱ ደጁን ሌት ተቀን የሚያዳምጥ።»

ማታ ሽቅብ ስንመለስ ቁጥሩ ወረደ፣ ወሬውም አጠረ፤
የመጨረሻዎቹን ሃያ ኪሎሜትር በዝምታ ነዳ።
ሁለተኛውን ሴንሰር በማግሥቱ ከኮፈኖው ሥር አሰርኩ።

የሽቦው ቱቦ መደርደሪያ ላይ ነው። አልሸጥነውም።
አንዳንድ ምሽት፣ የተኛሁ ሲመስለው፣
ከባትሪ ያገናኘዋል፣ ላፕቶፑን ይከፍታል፣
ከንፈሩን ገጥሞ ይነፋል።
መስመሩ ይነሳል። ይወድቃል።
እርሳስ አንስቶ በካርቶን ክዳን ላይ ይጽፋል፦
«እንደ ማክሰኞው።»