አረንጓዴው ባለቀ ጊዜ

እውነቱን ልናገር፣ ጡረታ ወጥቻለሁ፤
ያን ሐይቅ የሠራሁት እኔው ነኝ፣ አውቃለሁ።
ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮቱ ሩቅ ሐረጎን፣ ዳገቱን የሚያሳይ፣
ጠረጴዛዬ ላይ ካርታው ተዘርግቶ፣
አንድ መስክ ቀረኝ፣ ቀለም ያጣ ከቶ።
«ክፍት ቦታ፤ ለሣር፣ ለልጆች መጫወቻ»
ይል ነበር መዝገቡ፤ አረንጓዴ ብቻ።
አረንጓዴው እርሳስ በመቅረጫ አልቆ፣
የጥርስ ያህል ቀርቷል በጣቴ ተጣብቆ።
ጠየቅኩ ግምጃ ቤት፤ ዝግ ነው እንደ ልማዱ፤
ቁልፍ ያዡ ሙሄ ለቅሶ ነው መሄዱ።
«የት?» ስል፣ «ሐይቅ» አሉኝ፤ ሳቅኩ በሰዓቱ፤
ሰማያዊ አነሣሁ። ይኸው ነው ምክንያቱ።

ካርታው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ማግስት
ደላላው ሽፋው መጣ፣ ቆመ ፊት ለፊት።
«ምንድን ነው ይኼ?» አለኝ። ለሻይ ልወጣ ነበር፤
«ውሃ ይመስላል» አልኩ፣ ከደረጃው ዳር።

በወሩ ያ ረግረግ፣ ደንገል የሞላበት፣
«ሐይቅ ዳር» ተባለ፤ ዋጋ ወጣለት።
ከስፌት ፋብሪካው፣ ከሌሊት ፈረቃ
እነ ሉባባ መጡ፣ ዓይናቸው ሳይነቃ፤
እቁብ ደርሷቸው ነው፤ ሰባቱ ተጣምረው
ጥግ ገዙ፣ «መስኮቱ ወደ ውሃው ነው» ብለው።

ይመር አራጌ ግን፣ ጎማ ለጣፊው ይመር፣
በአይሱዙ አስጫነ ከዝዋይ፣ ባለ ሞተር፤
የብረት ጀልባ ናት፣ ስምንት የምትይዝ፣
ከሥሯ ጭድ አለ፣ እንደ ዕንቁላል ጉዝጉዝ።
ኬላው ላይ አስቁመው ጭነት ሲበረብሩ፣
«ወዴት?» «ኮምቦልቻ።» «ውሃ አለ?» «አብሽሩ፤
ይመጣል።»
አለፈ።

ለምን ዝም አልክ በሉኝ።
አንደኛ፣ እንጀራዬ ነው፤ አለቃም አልጠየቀኝ።
ሁለተኛው ግን፣ ማታ ማታ ስተኛ
ያ ውሃ ይታየኝ ነበር፣ ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው፤
የኔ እጅ የቀባው፣
ሰው የሚያምነው።
ደግሞስ በኛ ከተማ ምን በተራው መጥቷል?
ሐዲዱ ተነጥፏል፤ ባቡሩ ይመጣል።
ቆጣሪው ተሰቅሏል፤ መብራቱ ይመጣል።
ሼዱ ኪራይ ይከፍላል፣ ማሽኑ ጅቡቲ ነው፤
ጀልባ ከሐይቅ ቢቀድም ማን ምን ሊለን ነው?

ኋላ ጦይባ መጣች፤ መሐንዲስ፤ ወጣት ናት።
«ግድቡ የቱ ጋ ነው? የታል የውሃው ጥልቀት?»
መልስ ስታጣ ያን አሮጌ መዝገብ ገለጠች፤
«ይኼ እኮ ሣር ነው» አለች።
ፊቴን አየች፤ ጣቴን አየች፤
ምንም ሳትጨምር መዝገቡን ዘጋች።
በነጋው ግን ሄዳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣
ረግረጉን ለካችው እስከ ጉልበት ዘልቃ።
ለሴቶቹ ነገረች፦ «ሐይቅ የሚባል የለም።
ውሃው ግን ቅርብ ነው፤ ሁለት ክንድ አይሞላም።»

አለቀሱ። ሽፋውን ፈለጉት፤ ስልኩ አይሠራም።
ሦስቱ ድርሻቸውን በርካሽ ሸጠው ወጡ፤
አራቱ ቀሩ።
«እንግዲህ» አለች ሉባባ፣ «ሐይቁ እስኪመጣ ድረስ
ሽንኩርት እንትከል።»

ዛሬ በዚያ ብታልፉ፣ ከቦርከና ድልድይ ወረድ ብሎ፣
የይመር ጀልባ አለች፣ ቀለሟ ተልጦ፣
ሽንኩርት ይታጠብባታል።
ሞተሯን ራሱ ፈታው፣ ገጣጠመው በቧንቧ፣
ከጉድጓድ ውሃ ይስባል፣ እያስነጠሰ፣ እያሳለ፤
ድርሻ አለው፤ ከአምስት አንድ። መርከበኛ ይሉታል።
ቅዳሜ ሌሊት ጭነቱ ሐረጎን ያቃስታል፣
ደሴ ገበያ ይደርሳል ሳይነጋ፤
ጆንያው ላይ በቀለም «የሐይቅ ዳር ሽንኩርት» ይላል።
ደሴዎች ከሐይቅ የመጣ ይመስላቸዋል።
ማንም አላረማቸውም።

ካርታውን አሁን ጦይባ እንደ አዲስ ትሠራለች።
አንድ ቀን ደውላ «ጋሼ፣ ይኼን መስክ
በምን ልቀባው?» አለች።
ሣር አይደል፤ ሐይቅ አይደል፤
ከቀለም ዝርዝሩ ውስጥ ሽንኩርት የሚባል የለም።

ትናንት ደግሞ ሙሄ በሬ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤
ፀጉሩ ሸብቷል፤ ካርቶን ይዟል፤
ያን ጊዜ በስሜ የተጠየቀ ዕቃ፣
አንድ ደርዘን አረንጓዴ እርሳስ።
«ፈርምልኝ» አለ።
ፈረምኩ።