ደም ግባት

ሁለታችን አሽከርካሪ፤ እሷ አውቶቡስ፣ እኔ ደም፤
ከዚህ ሌላ የሚያገናኝ አንድም ነገር የለንም።
ከተማችን ጓያኪል ነው፤ ምድር ወገቧን ፈታ
ፀሐይን የምታቅፍበት፣ ከንጋት እስከ ማታ።

ኔሊዳ የመጣች ዕለት ግራ ጉንጯን ሸፍና ነበር፤
የሾፌር መስኮት በግራ ነው፤ ቀኙ ጉንጯ ምን ሲቸገር!
ልጇን ባረገዘች ዓመት የወጣባት ማድያት
ፀሐይ ውሃ እያጠጣችው ጉንጯን ሙሉ ወረሳት።

«ዶክተር» አለች፣ «የፊቱን ፊቴን መልስልኝ፤
መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለችው ሴትዮ ናፈቀችኝ።
ያልሞከርኩት ክሬም የለም፤
አንዱ ላጠኝ፣ አንዱ አቃጠለኝ፣ አንዱ ገንዘቤን በላኝ።»

ዶክተር ሳምብራኖ ሳቀ፦
«መድኃኒቱን ይዘሽ ነው የመጣሽው፤ ክንድሽን ዘርጊ።»

አንድ ብልቃጥ ቀዳሁ። ክዳኑን ዘጋሁ።
ማሽኑ አሥር ደቂቃ እንደ ንብ ቀፎ አጉረመረመ፤
ሲያበቃ ቀዩ ከታች ዘቀጠ፣ ወርቁ ከላይ ቆመ።
ከዚያ መርፌው እንደ ካፊያ በጉንጯ ላይ ወረደ፤
ጠብታ በጠብታ፣ ደሟ ወደ ቤቱ ሄደ።
ደም ግባት የሚሉት ይህ ነው ወይ? አልኩ በልቤ።

«ተስፋ እንጂ ቃል አልሰጥም» አለ ሐኪሙ ጓንቱን ሲያወልቅ፤
«ማድያት ቂመኛ ነው። ባርኔጣ አትርሺ። ከፀሐይ ራቂ።»
«ከመስኮቴ» አለች፣ «ወዴት ልራቅ?»

በአራተኛው ወር መስታወት ሰጠኋት።
ደሴቱ ሊሰጥም ደርሷል፤ ጠርዙ ብቻ ቀርቷል።
አየችው። ዝም አለች። እንደገና አየችው።
እንኳን ደስ ያለሽ ልላት ስል፣ ወሬዋን እንዲህ ጀመረችው፦

«ልጄ ኤልኪን፣ መብራቱን ሳላጠፋ በፊት
ጉንጬን በጣቱ ይዞራል፤ ‹ዓሣዬ› ነው የሚላት፤
ጭራዋ እዚህ ጋ፣ አፏ እዚህ ጋ፣
ሳይጨርሳት እንቅልፍ ይወስደዋል።
ትናንት ፈለገ፣ ፈለገ፣
‹እማዬ፣ ዋኝታ ሄደች ወይ?› አለኝ።
እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ዓይኑ አልተከደነም።»

አምስተኛው ቀጠሮዋ ባዶ ወንበር ሆኖ ዋለ፤
ሐኪሙ መዝገቡን ዘግቶ «ገንዘብ አጥሯት ይሆናል» አለ።

ባለፈው ሰኞ አውቶቡሷ ላይ ተሳፈርኩ።
በግራው መስኮት መጋረጃ ሰቅላለች፣ ባለ አበባ፣
ከአሮጌ ቀሚስ የተቀደደ።
ግን ሙሉ አልዘጋችውም።
አንዲት ክፍተት ትታለች፣
የአንድ ትንሽ ልጅ ጣት የምታህል፤
በዚያች በኩል ፀሐይ እንደ ክር ቀጥና
ጉንጯን ትነካካለች።

ምንም አልጠየቅኋትም።
እሷም ሂሳብ አልተቀበለችኝም።