ለሚመለከተው ሁሉ

ባሕር ማዶ ያለው ገምጋሚ መሥሪያ ቤት
ቅጽ ላከልኝ፤ አሥራ ስምንት ነጥብ ያለበት።
ነጥብ አራት፦ የአሠሪ ደብዳቤ፣ ከቀን እስከ ቀን፣
በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠራሽ የሚመሰክር።
ነጥብ ሰባት፦ የነደፍሻቸው ድረ ገጾች፣
አድራሻቸው ተዘርዝሮ፣
ዛሬም የሚከፈቱ።

ዛሬም የሚከፈቱ!

የሐይቁን እንግዳ ማረፊያ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ፤
ሰማያዊውን ከውሃው ላይ የወሰድኩት በማለዳ፣
ነፋስ ሳይነሳ፣ ታንኳ ሳያልፍበት ገና።
ሦስት ቀን ፈጀብኝ ያ ቀለም።
ባለቤቱ የዓመቱን ክፍያ ረሱት፤
ዛሬ ስሙን ስጽፈው
በማላውቀው ቋንቋ ጫማ ይሸጥበታል።

የሰኞ ገበያው ማር ነጋዴ ሙሄ ደግሞ
«ስልኬን አግዝፊው» አለኝ፤
አገዘፍኩት፤ «ጨምሪ» አለ፤ ጨመርኩ፤
ቁጥሩ ገጹን ሞልቶ ማሩ ጥግ ቆመ።
አፍሬበት ነበር። ዛሬ ባገኘው
እሱን አስቀድሜ በላክሁ።

የቀረው ሁሉ፣ የስድስት ዓመቱ፣
በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ነበረ።
ደሴ ባዶ በሆነችበት በዚያ ኅዳር
ከነገመዱ ተነቅሎ ሄደ።
ማን ወሰደው አልልም።
ሶኬቱ ግን እስካሁን ከግድግዳው ላይ
በሁለት ዓይኑ ያየኛል።

«ይማምና ልጆቹ ማተሚያ ቤት» ነበር ስማችን።
ጋሽ ይማም ልጅ የላቸውም።
ልጆቹ እኛ ነበርን።

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን በያዘበት ጠዋት
የፒያሳን ዳገት ወጥቼ ደብዳቤውን ጠየቅኋቸው።
«አብሽሪ» አሉኝ። ሦስት ቀን ፈጀባቸው፣
እንደ እኔ ሰማያዊ።

«ለሚመለከተው ሁሉ፤
ጦይባ ጨዋ ልጅ ናት።
ባለቤቴን ይዤ ሐኪም ፍለጋ የሄድኩ ጊዜ
ቁልፉን ሰጥቻት አርባ ቀን ቆየሁ፤
ስመለስ ሳንቲም አልጎደለ፣ ወለሉ ተጠርጎ።
መብራት በጠፋ ሌሊት በስልኳ ብርሃን
የሰው ሠርግ ካርድ ስትቆርጥ አይቻለሁ።
የራሷ ገና ነው። አላህ ያሳየን።»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ ሁለት ጊዜ።
ሰዓት የለም። ቀን የለም።
አንድም የሙያ ቃል አልተገኘበት።

ተመለስኩ።
«ጋሽ ይማም፣ ሰዓቱ ይግባበት።»
«የምን ሰዓት?»
«በሳምንት የሠራሁት።»
«ሰዓት ቆጥሬብሽ አውቃለሁ እንዴ?»
ዝም አልኩ። እሳቸውም። ማሽኑም።
«በይ ንገሪኝ፣ ልጻፍ።»

ከድሮው ባለ ስም ወረቀት አንድ ጥቅል ተርፎ ነበር፤
ከሥር መዘዙ።
አርባ ሰዓት አልኳቸው። ስልሳም ነበር፤
ግን ስልሳ አያምኑም።
«ተጠቃሚን ያማከለ ገጽታ መንደፍ» አልኩ።
ብዕራቸው ቆመ።
«የሚነደፈው ጥጥ ነው፤
እናቴ ደጋኗን ይዛ ዕድሜዋን ስትነድፍ ኖረች፤
እሷን ማን ገመገማት?»
«ንብም ይነድፋል» አልኩ፣ ለማሳቅ።
ሳቁ። ጻፉት።

ማህተሙ ጋ ደረስን።
አሮጌው በዚያ ኅዳር ጠፍቷል፤
አዲሱ አነስ ያለ ነው፤ ሲያርፍ አየሁት፦
«ይማም ማተሚያ ቤት»።
«ቀራጩ በፊደል ያስከፍላል» አሉኝ
ዓይኔን ሳያዩ።
«ደግሞስ ሁላችሁ ሄዳችሁ።»

ነጥብ አሥራ አንድ፦ የደብዳቤው ስምና የማህተሙ ስም
አንድ ካልሆነ ተቀባይነት የለውም።

አነበብኩላቸው። መነጽራቸውን ጠረጉ፣
ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡና
ከክቡ ውጭ፣ በእጃቸው፣ በእስክሪብቶ
«ና ልጆቹ» ብለው ጨመሩበት።

ሦስተኛ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም።
ቀለሙ እስኪደርቅ ቆምኩ፤
በጉም ቀን ቀለም ቶሎ አይደርቅም።
ከዚያ ስካን አድርጌ
እንዳለ ላክሁት፤
ለሚመለከተው።