መሰላል ያዥ

ከአይሱዙ ጀርባ ላይ አሥራ ዘጠኝ ሆነን፣
ላስቲክ ተከናንበን፣ ሚስማር ታቅፈን፣
ከማርቆስ ስንወጣ ነሐሴ ነበረ፤
ዝናቡም ሳይከፍል አብሮን ተሳፈረ።

አንሙት ባለፊሽካው፣ አስተባባሪያችን፣
ገና ሳንነሣ ቅጽ አድሎን ነበር ለያንዳንዳችን።
«ችሎታ» ይላል ከስም ቀጥሎ ያለው፤
ይትባረክ «ሒሳብ» አለ፤ ስመኘው «ኳስ» አለው።
ይዝባለም ጻፈች፣ «መዝሙር፣ እንግሊዝኛ»፤
አንዱ «ምክር» ብሏል፣ አንዱ «የኳስ ዳኛ»።
እኔ እስክሪብቶውን ጥርሴ ላይ አድርጌ
ብዙ አሰብኩ፤ ራሴን ፈልጌ ፈልጌ
ያቺን ባዶ መስመር በባዶ መለስኳት፣
አጥፌ አጥፌ ኪሴ ውስጥ ጨመርኳት።
አንሙት ሲሰበስብ «ጠፋብኝ» አልኩት።

ረቡዕ ገበያ ስንገባ መሽቶ ነው፤
ጮቄ ጉም ውስጥ ገብቶ፣ በር ዘግቶ፣ ተኝቶ ነው።
ድንች ቀቅለው ሰጡን፤ በላን ከነልጡ፤
ሌሊት ብርድና ቁንጫ ተራ እየጠበቁ መጡ።

በማግሥቱ ሄድን፣ ወደ አያ ድረስ ቤት።
ጣራው በሦስት በኩል ሰማይ ያሳያል፤
ምድጃው አጠገብ ኩሬ ተኝቷል።
አያ ድረስ አያዩም፤ ሰባት ዓመት አልፏቸው
ዐይናቸው ከጨለመባቸው።
«ቀዳዳውን ለእኔ ተዉት» አሉ፤ «ሐምሌን ሙሉ
ስሰማው ከርሜያለሁ።» «እዚህ... እዚህም...» እያሉ
በዘንጋቸው ጫፍ ጠቆሙ ወደ ላይ፤
አንድም አልሳቱ፣ ሳያዩት ያን ሰማይ።

ያን ዕለት በቅጹ የተጻፈው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ዋለ፤
እንግሊዝኛ ለጭቃው ምን ብሎት፣ ምን አለ!
ይትባረክ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ቀመሰ፤
ስመኘው ምርጊት ሲረግጥ ወድቆ ጭዱን ለበሰ።
ይዝባለም ብቻ፣ ያቺ ነፋስ ይወስዳታል የምትባለው፣
ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ «መሰላሉ የታለ?» አለች፣ «የታለው?»

መሰላሉ ቀርከሃ ነው፣ የስናን ቀርከሃ፣
አንዱ እግሩ ያጠረ፣ ያዘነበለ ወደ ውሃ።
«ያዝልኝ» አለችኝ። ያዝኩ።
ሌላ ምን ሥራ አለኝ?

ያዝኩት በሁለት እጄ፤ ያዝኩት በጉልበቴ፤
ያጠረውን እግሩን አቆምኩት በእግሬ ጣቴ።
ሚስማር ከላይ ወርዶ ኮሌታዬ ገባ፤
ዝገት ዐይኔን ሞላው፤ አወጣልኝ እንባ።
ዝንብ አፍንጫዬ ላይ ጎጆ ልትሠራ
ስትል እንኳ እጄን አልፈታሁም፣ ስፈራ።
ወደ ግራ ልትዘረጋ ስታስብ፣ ገና ሳትነቃነቅ፣
እኔ ወደ ቀኝ ከብጄ ነበር፤ እንዴት እንደማውቅ
አላውቅም።

እኩለ ቀን ላይ አያ ድረስ ተጣሩ ከመደቡ፦
«ይህ መሰላል ጠዋት ሲጢጥ ሲል ሲያማርር ነበር ከልቡ፤
አሁን ዝም አለሳ! ማነው ከሥሩ ያለው?»
«እኔ ነኝ» አልኩ። «ማን ልበል?» ስሜ እንየው ነው።
«እንየው?» ሳቁ። «አዬ! እኔስ ላይህ አልችልም።
ግን ሰማሁህ» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።

ሦስት ሳምንት ቆየን። አሥራ አንድ ጣራ።
ሽቅብ የሚል ሁሉ «እንየው!» ብሎ ጠራ።
ከፍታ የሚፈራው ስመኘው ሳይቀር
«ያዝ ብቻ» እያለ ወጣ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር።
ይትባረክም ቆርቆሮ አስልቶ ሲያብቃቃ፣
ሒሳቡም ተገኘ፣ ወጣ ከዚያ ጭቃ።

አንድ ቀን ግን፣ መደበቅ አልወድም፣
ጉሙ ተገፎ ጮቄ ብቅ ሲል፣ ቀና አልኩ ላፍታ፤
መሰላሉ ሸሸ። ይዝባለም ክንዷን ተላጠች፣ ወድቃ በተኛው ማገር ላይ ተገታ።
ምንም አላለችኝም።
በማግሥቱ መጥታ «ያዝልኝ» አለች፤
ሌላ ሰው አልጠራችም።

ስንመለስ ቅጹን ከኪሴ አገኘሁት፤
ዝናብ አጥቦታል፤ መስመሩን አጣሁት።
ውጤት መስከረም ላይ ወጣ። የኔን አልነግራችሁም።
እናቴ ታውቃለች፤ ለጎረቤት አልተናገረችም።

ግን እስከ ዛሬ፣ በማርቆስ ጎዳና ሳልፍ፣
አንዱ አምፖል ሊቀይር፣ አንዱ ማስታወቂያ ሊለጥፍ፣
ግድግዳ ላይ መሰላል ሲያስደግፍ፣
ማንም ሳይጠራኝ
እግሬ ቀድሞኝ ይሄዳል፤
ባጠረው በኩል ይቆማል።