ይፈሳል

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወረድ ብሎ፣
ብሎኬት ማምረቻውን አልፎ፣
ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ መስኮት፣ የተሰነጠቀ ወለል፤
ቤተ ሙከራ ይሉታል።
የዶሮ ቤት ነበረ፤
ዝናብ ሲመታው ዛሬም ይሸታል።

በርሜሉ በጅቡቲ መንገድ መጣ፤
ቃሊቲ ጉምሩክ አርባ ሦስት ቀን ተኛ።
«ምንድን ነው?» አሉን።
«ድፍድፍ ነዳጅ።»
«ታዲያ ለምን አይፈስም?»
እውነታቸውን ነው፤ አይፈስም።
ክዳኑን ከፍተህ ዘቅዝቀው፣
ምሳህን በልተህ ተመለስ፣
ገና ከአፉ ላይ ተንጠልጥሏል፣
እንደ ባለዕዳ ቃል።

አሸዋ የማጥበው እኔ ነኝ፤
ሦስት ጊዜ በወንፊት፣ ሰባት ጊዜ በውሃ፣ እስኪነጣ።
ትርሲት ትመዝናለች፤ ጥቁሩን ከነጩ እንለውሳለን፤
ለሜሳ በያጁ ከአሮጌ ቧንቧ በሠራው ብረት ውስጥ
እንጠቀጥቃለን።
አንድ ሜትር ተኩል ምድር፤
ስንጽፈው ግን ሺህ ሜትር ጥልቅ።

አናቱ ላይ እሳት።
ከኮምፕሬሰሩ አየር፣ እፍ፣ እፍ፣
እሳቱ በአሸዋው ውስጥ ቁልቁል ይሄዳል፣
በሰዓት አንድ ስንዝር እንኳ ሳይሞላ።
ከፊቱ ያገኘው ይግላል፣ ይላላል፣
የተቆላለፈው ይፈታል፤
ከባዱ ከሰል ሆኖ እዚያው ይቀራል፣
ቀላሉ ይወጣል።
ትርሲት ይህን ለለሜሳ ስታስረዳው
መነጽሩን አውልቆ ሳቀ፦
«ታዲያ ሽምግልና ነዋ!
ነገር ከቤት ሳይወጣ፣
ክፉውን እዚያው አቃጥሎ፣
አደባባይ የሚቆም ቃል ብቻ ማውጣት።»
በማስታወሻዋ ዳር ጻፈችው።

ስምምነቱ ላይ ሦስት ተቋም ፈርሟል፤
ሁለቱን በአካል አላውቃቸውም።
ከባኩ ራሚዝ በስልክ ይጮኻል፦
«ኒኬሉን በትኑት! አታከምሩት፣ በት…»
ኔትወርክ።
ዘጠነኛውን ሙከራ በዚያ በጎደለ ቃል ጀመርን።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መብራት ጠፋ።
ኮምፕሬሰሩ አንድ ጊዜ ተነፈሰና ዝም።
ጅቦቹ ከወንዙ ማዶ፣
በብረቱ ውስጥ የሚሞት እሳት፤
ትርሲት በመከለያው ላይ መዳፏን ጣል አድርጋ፣
የታመመ ልጅ ግንባር ይመስል።
ለሜሳ የለም። ወጥቶ ሮጧል።

ሲመለስ ጫኔን ይዞ፣
መንገድ ዳር ጎማ የሚነፋውን፣
ጋቢውን እንደ ደረበ፣ እንቅልፉን ያቋረጠውን ሁሉ እየተሳደበ፤
የቤንዚን ሞተሩ በጋሪ፣
የጎማ ቱቦው በመስኮት።
«ስንት ልንፋው?» አለ፣
እንደ ሲኖትራክ ጎማ ብረቱን በእግሩ መታ አድርጎ።

ሊነጋጋ ሲል ከታችኛው ጫፍ
አንድ ጠብታ። ቆየ። ሌላ።
ከዚያ ክር ሆኖ፣ ሻይ መስሎ፣
በብርጭቆው ግድግዳ ወረደ።
«ይፈሳል እኮ» አለ ጫኔ፤
ሌላ ማንም ምንም አላለ።

ግማሽ ጠርሙስ ለማውጣት
አራት ሊትር ቤንዚን አቃጥለናል፤
ትርሲት ይህንንም ጻፈች፣ ሳትደብቅ፣ በትልቁ።
ከተመራማሪዎቹ ስም ግርጌ ብዕሯ ቆመ፤
«ጫኔ፣ የማን ልጅ ነህ?»
«ለምን? ቅጣት አለው?»

ጠዋት ብረቱን ከፈትን።
ሰባት ጊዜ ያጠብኩት አሸዋ
ከሰል ለብሶ፣ ጠጥሮ፣ ቧንቧውን መስሎ ወጣ።
ባልዲውን አነሣሁ፣
መልሼ አስቀመጥኩት።
ይህንንስ አላጥበውም።