ያልገጠመ መስኮት

ዝናብ ሥራ አይፈታም ቺሎኤ ደሴት ላይ፤
ከታች ከባሕር ነው፣ አይወርድም ከሰማይ፤
ቀለም ቢደርቡበት ከሥሩ ይገባል፣
እንጨት ልብሱ አምሮ ውስጡ ይበሰብሳል።

የባሌ የኦስቫልዶ መላው ቀለም ነበር፤
ነጭ በነጭ ሲደርብ ወረደ መቃብር።

ዛሬ በመሮ ጫፍ ብነካው የመስኮቱን ደፍ፣
እንደ ራሰ ዳቦ መሬት ላይ አለ እርግፍ።
ቆረጥኩ።
አሁንም ቆረጥኩ፣
ጥፍሬ የማይሰምጥበት ጤነኛ እንጨት እስካገኝ፤
የመጋዙ ድምፅ ሲለወጥ «በቃሽ» ያለኝ መሰለኝ።

ያኔ ከመቃኑ ጥግ ወደቀ አንድ ሽብልቅ፣
በሰንጢ የተጠረበ፣ ከአውራ ጣት የማይልቅ፤
ጎኑ ላይ «ራሚሮ» ይላል በተንጋደደ ፊደል፤
አሥራ አራት ቢሆነው ነው ያኔ፣ ጺም እንኳ ሳያበቅል።
ስንት ክረምት ረገምኩት ንፋሱን ያለ ጥፋቱ!
ለካ ልጄ ነው፣ በሌሊት ወጥቶ ሲመለስ፣ ጣቱ
የሚገባበትን ያህል ክፍተት ያስቀረው ከመስኮቱ።

ዛሬ ፑንታ አሬናስ ነው፤ የመርከብ ሞተር ይጠግናል፣
ሲመጣም በበሩ ነው፤ ያውም አስቀድሞ ይደውላል።

አዲሱን ደፍ አጣበቅኩ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ሞላሁ፣
ላግኩ፣ ቀባሁ፣ መስተዋቱን መልሼ መስኮቱን ዘጋሁ።
ገጠመ።
ክፍሉ ጭር አለ።
ባሕሩ የት ሄደ? ዝናቡስ ምን ነካው?
ብገላበጥ፣ ብገላበጥ፣ እንቅልፍ ከየት ላምጣው።

ተነሣሁና በባዶ እግሬ፣ መብራት እንኳ ሳላበራ፣
ሽብልቁን ሻጥኩት ከቦታው፣ ከአዲሱ እንጨት ጋራ፤
በጣም እንዳይገጥም።
ለነገሩ ቀለሙም ገና አልደረቀም።